ከምረቃው ማግስት፦ የሕዝብ ትራንስፖርት ፕሮጀክት እንዴት ይመረጣል? ማንስ ይከፍልበታል?



የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። መንግሥት ካሉት በርካታ የትራንስፖርት ፍላጎቶች መካከል አንዱን መርጦ ገንዘብ የሚመድብለት በምን መለኪያ ነው? በመርህ ደረጃ መልሱ ግልጽ ነው። ፕሮጀክቱ አስቀድሞ ይጠናል፤ ጥቅሙ ከወጪው ጋር ይመዘናል፤ ከዚያም በጀት ይያዝለታል። የፌዴራል መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ያወጣው የፕሮጀክቶች አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1210 ይህንኑ ቅደም ተከተል ይደነግጋል። በተግባር ግን ከጥናቱ ጎን የሚቆም ሌላ መለኪያ አለ፤ እርሱም የገንዘቡ ምንጭ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ምን እንደሚሠራ ይወስናል፤ ከምረቃው በኋላ የሚሆነውንም እንዲሁ።

ከከተማችን እንጀምር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ለእግረኛና ለብስክሌትም መተላለፊያ ተለይቶለታል። ወጪውን የሸፈነው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ድልድዩ ባሕር ዳርን ከጎንደር የሚያገናኘው ዋና መንገድ አካል ነውና። ከድልድዩ ወርደን የምንገባባቸው የውስጥ መንገዶች ግን የከተማው አስተዳደር ድርሻ ናቸው። ስለዚህ በድልድዩ ላይ ያለው የብስክሌት መስመር የሚሰጠው ጥቅም፣ በሌላ በጀትና በሌላ ውሳኔ በሚሠሩት መንገዶች ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የገንዘብ ምንጭ የሚያስከትለውን ውጤት በጉልህ የሚያሳየው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። በ475 ሚሊዮን ዶላር ተገንብቶ በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ፤ ከወጪው 85 በመቶ ያህሉ ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ብድሩ ሐዲድና ባቡር ይገዛል፤ የዕለት ተዕለት ሥራውን ግን አይሸፍንም። ሲጀመር የቲኬቱ ዋጋ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ይህ ለተሳፋሪው ትልቅ እፎይታ ቢሆንም፣ መለዋወጫ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። በመሆኑም ከ41 ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት የቆሙባቸው ዓመታት መጡ። ዝቅተኛ ታሪፍ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ልዩነቱን የሚሞላ ቋሚ ድጎማ አብሮ ካልተወሰነ ግን ዕዳው በጥገናው ላይ ይወድቃል።

ለጥገና ቋሚ ምንጭ ማበጀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ እየሰበሰበ የመንገድ ጥገናን ይደግፋል። ሆኖም ፈንዱ የተቋቋመው ለመንገድ ነው፤ አውቶቡስንና ጀልባን አይጠግንም።

ወደ ጣና እንመለስ። በ2017 ዓ.ም. ‹ጣናነሽ 2› የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ወደ ሐይቁ መጥታለች። የገዛቻት የመንግሥት የልማት ድርጅት የሆነው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው። ግዥው አንድ ጊዜ ይፈጸማል፤ ነዳጁ፣ መካኒኩ፣ የወደቡ ጥገናና የጉዞ መርሐ ግብሩ ግን በየዓመቱ በጀት ይሻሉ። በምርጫው ላይም ከባድ ጥያቄ አለ። በጊዜ ቁጠባ ብቻ የሚለካ ጥናት ተሳፋሪ የበዛበትን መስመር ያስቀድማል። የደቅ ደሴት ነዋሪ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ታማሚ ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ግን ውኃውን ከመሻገር በቀር አማራጭ የለውም። ይህን በብር ተምኖ ከዋናው አስፋልት ጋር ማወዳደር የስሌት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፍትሕ ጉዳይም ነው።

በየዕለቱ በከተማችን የሚያመላልሱን ባጃጆችና ሚኒባሶች ደግሞ በፕሮጀክት ሰነድ ውስጥ የሉም። የሚገዙት በባለንብረቶች ገንዘብ ነው፤ መንግሥት ታሪፍና መስመር ይወስንላቸዋል። ለእነርሱ የሚያስፈልገው መጫኛና ማውረጃ ስፍራ፣ የእግረኛ መንገድና ጥላ ያለው መጠበቂያ ዋጋው አነስተኛ ነው። አነስተኛ በመሆኑም አበዳሪ አይስብም፤ በዋና መንገድ ላይ ባለመሆኑም የፌዴራል በጀት አይደርሰውም።

እናንተ ነገ የፕሮጀክት ሰነድ የምታዘጋጁና የምትገመግሙ ናችሁ። የግንባታ ወጪውን ከያዘው ሠንጠረዥ ቀጥሎ የአሥር ዓመት የማስኬጃ ወጪና ከፋዩ በስም ተጽፈው እንደሆነ ተመልከቱ። ከሌሉ ጥናቱ ገና አላለቀም፤ ወደ አቅራቢው መመለስ አለበት።