የማይለወጥ ምሥጢር፦ የባዮሜትሪክ መረጃ ቋቶችና የግላዊነት ጥበቃ



የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የቀበሌ መታወቂያ ቢጠፋ ምትክ ይወጣል። የጣት አሻራ ግን ምትክ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ መሰረቁ በታወቀ ጊዜ፣ መሥሪያ ቤቱ ለተጎጂዎቹ ብዙ ነገር ማድረግ ይችል ነበር፤ አዲስ ጣት ግን ሊሰጣቸው አልቻለም። ስለዚህ በዚህ መስክ ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ካሳ ብዙም አይረዳም፤ ጥበቃው አስቀድሞ በሥርዓቱ አሠራር ውስጥ መግባት አለበት።

ወደ አገራችን ልምጣ። ፋይዳ ከተመዝጋቢው የአሥር ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖች አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል። ይህን ያህል መረጃ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ነው። አዲስ የሚመጣው ሰው ቀድሞ ከተመዘገበው ሁሉ ጋር ይነጻጸራል፤ ለዚህም የሁሉም መረጃ በአንድ ቦታ መገኘት አለበት። ባንክ ሄዳችሁ ማንነታችሁን ስታረጋግጡ ግን ሥራው ፈጽሞ ሌላ ነው። የእናንተ አሻራ በእናንተ ቁጥር ሥር ከተቀመጠው ጋር ብቻ ይነጻጸራል፤ ባንኩም ሊያገኝ የሚገባው መልስ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። በክርክራችን ውስጥ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ዘወትር ሲደባለቁ እሰማለሁ። ልዩነታቸው ግን መሠረታዊ ነው፦ የመጀመሪያው ማንነቱ የማይታወቅን ሰው ከሚሊዮኖች መካከል ለይቶ የማውጣት ኃይል አለው። ከሰልፍ ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ውስጥ ያለን ፊት ለመለየት የሚያስችለውም ይኸው ኃይል ነው። ስለዚህ ለምዝገባ ማጣሪያ የተፈቀደ ፍለጋ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል በሕግም በቴክኖሎጂም መታጠር አለበት።

አሻራውን በምስጠራ መጠበቅ፣ የምስጠራ ቁልፉን ከመረጃው ለይቶ ማስቀመጥ፣ ለአገልግሎት ሰጪዎች ከዋናው ቁጥር ይልቅ ተለዋጭ ቁጥር መስጠት፤ እነዚህ የታወቁ ናቸውና አልዘገይባቸውም።

የምዘገየው ብዙዎች በሚዘነጉት ጉዳይ ላይ ነው፤ እርሱም የአጠቃቀም መዝገብ ነው። በየክሊኒኩ፣ በየባንኩ፣ በየሲም ካርድ መሸጫው ማንነታችሁ በተረጋገጠ ቁጥር ሥርዓቱ ጊዜውንና ጠያቂውን ሊመዘግብ ይችላል። አሻራው ባይሰረቅ እንኳ ይህ መዝገብ የኑሯችሁን ካርታ ይሥላል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ አድሃር በሰጠው ውሳኔ፣ መዝገቡን ለአምስት ዓመታት ለማቆየት ይፈቅድ የነበረውን ደንብ ሽሮ ከስድስት ወር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የግል ድርጅቶች በውል ብቻ ማረጋገጫውን እንዲጠቀሙ ይፈቅድ የነበረውንም አንቀጽ ሰረዘ። በቀድሞው ዘመን የቀበሌው ጸሐፊ የአንድን ሰው ጉዳይ ለማየት ከወንበሩ ተነሥቶ ከመደርደሪያ ፋይል ማውጣት ነበረበት። አሠራሩ አድካሚ ነበር፤ ድካሙ ግን ማንም ሳያስበው ጥበቃ ሆኖ ያገለግል ነበር።

ኬንያ ደግሞ ስለ ቅደም ተከተል ታስተምረናለች። ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የሁዱማ ናምባን ካርድ ሥራ ሕገ ወጥ ያለው፣ በግል መረጃ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አስቀድሞ አልተገመገመም በሚል ምክንያት ነበር።

በእኛ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥተዋል። መታወቂያው ቀድሞ የመረጃ ጥበቃው መከተሉን ልብ በሉ። የኋለኛውን አዋጅ አፈጻጸም እንዲቆጣጠር ኃላፊነቱ የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ተቆጣጣሪው በዕውቀትም ሆነ በነጻነት የሌላውን የመንግሥት አካል በር አንኳኩቶ «መዝገባችሁን አሳዩኝ» ለማለት መቻሉ ነው። ከአዋጁ ቃላት ይልቅ የዚህ ጥያቄ መልስ ይመዝናል እላለሁ።

ኢስቶኒያ ውስጥ ዜጋው የትኛው መሥሪያ ቤት መረጃውን እንዳየ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ራሱ ሊመለከት ይችላል። ለእኛም የምመኘው ይህንኑ ነው፤ ሆኖም ስልክ ለሌላቸው እናት በወረዳው መስኮት፣ በሚገባቸው ቋንቋ ታትሞ የሚሰጥ መሆን አለበት። አሻራቸው በእርሻና በጉልበት ሥራ ተፍቆ ማሽኑ «አይደለም» ያላቸው ሰዎችም በዚያው መስኮት ሌላ የማረጋገጫ መንገድ ሊያገኙ ይገባል።