ከእንግዳ ክፍል በፊት ማድ ቤት
ቤትን በጥቂት ወጪ ስለ ማሻሻል

የክረምቱ ዝናም አባርቶ መስከረም ሲጠባ በየከተማው ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ቤቱን ለማደስ ይነሣል። ግድግዳው ይመረጋል፥ መጋረጃው ይታጠባል፥ ምንጣፉ ፀሐይ ይመታል። ይህ ልማድ ለጤናም ለዐይንም መልካም ስለ ሆነ እኛም በደስታ የምናየው ነው። ነገር ግን ለዚሁ ሥራ የተጠራቀመው ጥቂት ገንዘብ ከየትኛው ክፍል መጀመር እንደሚገባው ብዙ ጊዜ አይታሰብበትም።

አበው «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ብለው የሚተርቱት ለባዳ እየለዘበ ቤተ ሰቡን ስለሚጎዳ ሰው ነው። ይህ ተረት ለአንዳንድ ቤትም ይስማማል። እንግዳ የሚቀመጥበት ክፍል በመጋረጃና በሥዕል አጊጦ ሳለ፥ ከበስተኋላ ያለችው ማድ ቤት ጥላሸት ለብሳ፥ መስኮት አጥታ ትገኛለች። እንግዳው ባጌጠው ክፍል የሚቀመጠው አልፎ አልፎ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ እናትና ሕፃን ልጅ ግን ከቀኑ የሚበዛውን ጊዜ የሚያሳልፉት በዚያች ጨለማ ክፍል ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ልናስረዳ የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የቤት ማሻሻያ ገንዘብ አስቀድሞ መዋል የሚገባው ቤተ ሰቡ ብዙ ሰዓት ለሚተነፍስበት ክፍል መሆኑን ነው።

1ኛ፤ ስለ ጢስ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ በየቤቱ ከሚነድ ማገዶ፥ ከሰልና ላምባ በሚወጣ ጢስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ብዙ ሰው ጢስ ዐይን ከማስለቀስ በቀር ሌላ ጉዳት ያለው አይመስለውም። ዳሩ ግን በጢስ ውስጥ ያለው እጅግ የደቀቀ ብናኝ እስከ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ፥ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፥ በዐዋቂዎች ላይ ሥር የሰደደ የሳንባና የልብ በሽታ ያመጣል። እናት ልጅዋን በጀርባዋ አዝላ እንጀራ ስትጋግር፥ እርስዋ የምትተነፍሰውን ጢስ ልጅዋም እኩል ይተነፍሰዋል።

የዚህ መድኃኒቱ ከሁሉ አስቀድሞ ያለ ገንዘብ የሚገኘው ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሕፃኑን ሌላ ሰው በደጅ ይያዘው፤ ማገዶው በደንብ የደረቀና በቀጭኑ የተፈለጠ ይሁን፤ ባቄላና ሽምብራ የመሳሰለው ጥራጥሬ ፈጥኖ እንዲበስል በዋዜማው በውሃ ይዘፍዘፍ። ቀጥሎ በጥቂት ድካም የሚሠራ አለ። ጢስ ትኩስ በመሆኑ ወደ ላይ ስለሚወጣ፥ ከማድ ቤቱ ጣራ ሥር ከበሩ ትይዩ በሆነው ግድግዳ ላይ መተንፈሻ ይከፈት። በበሩ ንጹሕ አየር ሲገባ ጢሱ በዚያ ይወጣል። ዝናም እንዳይገባም ከመተንፈሻው በላይ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ እንደ ጥላ መምታት ይበቃል።

ጥቂት ገንዘብ የተረፈው ሰው ደግሞ በሦስት ጉልቻ ፋንታ «ምርት ምጣድ» የተባለውን ከስሚንቶና ከቀይ አሸዋ የመሰለ ቀላል ድንጋይ የሚሠራ ምድጃ ቢገዛ፥ ማገዶው እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስለት ይችላል። በማገዶ የዳነው ገንዘብ ለሌላው እድሳት ይውላል። ኤሌክትሪክ በገባበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉ የበለጠ ነው።

ስለ ከሰል ግን አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። ጢሱ አልቆ ፍሙ ቢቀላም ሽታና መልክ የሌለው መርዛም አየር ከውስጡ መውጣቱን አያቆምም። ይህም አየር የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። ስለዚህ የከሰል ማንደጃ ሰው በሚተኛበት ዝግ ክፍል ለብርድ ተብሎ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

2ኛ፤ ስለ ግድግዳና ስለ ብርሃን

የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ለትኋንና ለበረሮ መደበቂያ ነው። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋራ አቡክቶ፥ ለጥቂት ቀን አቆይቶና ደጋግሞ ረግጦ መምረግ፥ ስንጥቁን ይቀንሳል። ምርጊቱ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ኖራ ይቀባል። ኖራ በዋጋው ከቀለም የረከሰ ነው፤ ነጭነቱ በጠባብ መስኮት የሚገባውን ጥቂት ብርሃን ወደ ክፍሉ መልሶ ያበዛዋል፤ አዲስ ሲቀባም ብዙ ዐይነት ተሕዋስያንን ይገድላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኖራው አንድ ሌሊት በውሃ ውስጥ ያድራል፤ በማግሥቱ በወንፊት ይጠለልና እንደ ወተት እስኪቀጥን ድረስ ውሃ ይጨመርበታል፤ ግድግዳውን እንዲይዝ ጥቂት ጨው ይገባበታል። ግድግዳው አስቀድሞ በውሃ ይረጥብና አንዱ ቅብ ሲደርቅ ሌላው እየተደረበ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀባል። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ ኖራ ግን ፈጥኖ ይረግፋል። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ስለሚፈላ ቆዳን ያቃጥላል፥ ዐይንንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ልጆች ከሥራው ይራቁ፤ ወደ ዐይን የገባ እንደ ሆነም ሃያ ደቂቃ ያህል በብዙ ንጹሕ ውሃ እየታጠበ ሕመምተኛው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በየቤቱ ግድግዳን በጋዜጣ የመለጠፍ ልማድ አለ። መልኩ ያማረ ቢመስልም በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ወረቀት ለበረሮ ምግብ፥ ለትኋንም መጠለያ ይሆናል። ስለዚህ ኖራው ከጋዜጣው ይሻላል እንላለን።

3ኛ፤ ስለ ወለል

የአፈር ወለል ለቁንጫና ለሙጀሌ ይመቻል፤ የሚድህ ሕፃንም የሆድ ትል እንቁላል ከዚያው በእጁ አንሥቶ ወደ አፉ ይወስዳል። የወለል መለወጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም በሜክሲኮ አገር ታይቷል። በዚያ ኮዋዊላ በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የድኾችን የአፈር ወለል በስሚንቶ አስለወጠ። በኋላ ሲመረመር፥ ወለላቸው ፈጽሞ ስሚንቶ በሆነ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩት ሕፃናት የሆድ ተውሳክ ከሦስት አራተኛ በላይ፥ ተቅማጣቸውም በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

ለቤቱ ሁሉ ስሚንቶ መግዛት የማይቻለው ሰው፥ ሕፃኑ ከሚድህበት ክፍል ይጀምር። ይህም ካልተቻለ ወለሉን በጠጠርና በጭቃ ደልድሎ በደንብ ጠቅጥቆ ማጠንከር፥ ሕፃኑንም በሚታጠብ ሰሌን ላይ ማስቀመጥ ይገባል። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማም በዓሉ ሲያልፍ ተጠርጎ ይውጣ እንጂ በወለሉ ላይ አይበስብስ።

4ኛ፤ ዕቃን ስለ ማሰናዳት

በአንድ ክፍል የሚኖር ቤተ ሰብ ቦታ የሚያጣው ዕቃው ስለ በዛ ብቻ ሳይሆን ሁሉም በወለል ላይ ስለሚቀመጥ ጭምር ነው። ከሣጥን እንጨት የተሠራ መደርደሪያ በግድግዳው ላይ ቢመታ፥ ድስቱና ብርጭቆው ከአቧራና ከአይጥ ይርቃል፥ ወለሉም ለመጥረግ ይመቻል። አልጋው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ፍራሹ በየጊዜው ፀሐይ ይምታ፤ ትኋን በታየ ጊዜ አንሶላው በፈላ ውሃ ይታጠብ፥ የአልጋውም ስንጥቅ በፈላ ውሃ ይፍሰስበት። ለእርሻ የተዘጋጀ ፀረ ተባይ መድኃኒት በመኝታ ክፍል መርጨት ሰውን ራሱን ስለሚመርዝ ክልክል ነው።

5ኛ፤ ስለ ጌጥ

ይህን ሁሉ ስንል ጌጥን የምንጠላ አይደለንም። ሰው በሚወደው ቤት ውስጥ ሲኖር ቤቱን በንጽሕና ይጠብቃል። በነጭ ኖራ ላይ የተሰቀለ ባለቀለም ስፌትና ከጥግ የተቀመጠ መሶብ በብዙ ገንዘብ ከተገዛ የፕላስቲክ አበባ ይልቅ ያምራሉ። በባዶ ጣሳ የተተከለ ጤና አዳምና በሶብላም ለመዓዛውም ለመልኩም መልካም ነው። ነገር ግን ውሃ እንዳያቁር የጣሳው ሥር ይበሳ፤ በርሜሉና ማሰሮውም ይከደን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አዲስ የወባ ትንኝ የምትራባው በረግረግ ብቻ ሳይሆን በከተማ በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጭምር ነውና።

ምናልባት «ቤቱ የኪራይ ነው፤ ለሌላ ሰው ቤት ለምን ገንዘብ አወጣለሁ?» የሚል ይኖራል። አነጋገሩ እውነት አለበት። ስለዚህ ተከራዩ መተንፈሻ ለመክፈት የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቅ፤ መደርደሪያውንና ምድጃውን ግን ሲለቅ ይዞ ሊሄድ የሚችል አድርጎ ያሰናዳ። ቤቱ የሌላ ቢሆንም በውስጡ የሚተነፍሰው ሳንባ የልጁ መሆኑን አይርሳ።

መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቁልን። እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤቱ ሄዶ በማድ ቤታቸው ስንት መስኮት፥ በእንግዳ ክፍላቸውም ስንት መስኮት እንዳለ ይቁጠር። በማግሥቱ ሁለቱን ቁጥር በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ስትጽፉት፥ የመጪው መስከረም እድሳት ከየትኛው ክፍል መጀመር እንደሚገባው ልጆቹ ራሳቸው ይነግሩአችኋል።