በስሕተት የመጣ ገንዘብ ሲሳይ ነውን?

የባላገር ሰው ወሬ ሲሰማ እንዲሁ ሰምቶ አያልፈውም፤ እህሉን በሰፌድ እንደሚያበጥር ወሬውንም ያበጥረዋል። በደምበጫና በአካባቢዋ ይህ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ብዙ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም፣ በሰንበቴው ላይ፣ ከገበያ በሚመለሱበት መንገድ፣ ማታም ቡናው ሲፈላ፣ ከሩቅ የመጣው ነገር ሁሉ ይመረመራል፤ ይፈረድበታልም። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ከከተማው ፍርድ የቀና ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ይስታል። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው እንዲህ ያለ ክርክር ያስነሣውን፣ ለጆሮ እንግዳ የሆነውን፣ ነገር ግን ለየቤታችን ትልቅ ትምህርት ያለበትን አንድ ነገር ነው።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ነው። መጋቢት 6 ቀን ዓርብ ለመጋቢት 7 ቀን ቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ሥርዓት ተሳሳተና፣ በሒሳቡ ውስጥ ጥቂት ብር ብቻ ያለው ሰው ከዚያ እጅግ የበለጠ ገንዘብ ለማውጣት ወይም ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ ለማስተላለፍ የሚችል ሆነ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በስልክ አማካይነት እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በየግቢው ኤቲኤም በሚሉት የገንዘብ መክፈያ መሣሪያ ፊት በሌሊት ረዥም ሰልፍ ተሠራ። ባንኩም ስሕተቱን ባወቀ ጊዜ አገልግሎቱን ለብዙ ሰዓታት ዘጋ። በኋላም ነገሩ ከውጭ በተሠነዘረ ጥቃት ሳይሆን በውስጥ የጥገናና የማሻሻያ ሥራ ሲካሄድ የደረሰ መሆኑ ተገለጸ። ሒሳቡ ሲጣራ ያለ አግባብ የተወሰደው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኖ ተገኘ።

ጊዜውንም ልብ እንበል። ዓቢይ ጾም በዚያ ዓመት የገባው መጋቢት 2 ቀን ነበርና፣ ይህ ሁሉ የሆነው በጾሙ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በዚያው ሌሊት በአንድ ወገን ምእመናን ሊጸልዩ ሲነሡ፣ በሌላ ወገን ደግሞ ሌሎች የራሳቸው ያልሆነውን ገንዘብ ሊወስዱ ይሰለፉ ነበር። ከሁለቱም ወገን የተገኘ ሰው እንዳልጠፋ መገመት አያስቸግርም።

በዚያን ወራት በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ወሬው ወደ ባላገሩ የደረሰው በሬዲዮና በሰው አፍ ነው። እንደ ደረሰም ሦስት ዐይነት ፍርድ ተሰማ። አንዳንዱ «ሲሳይ ነው፤ እግዚአብሔር ለድኻ ልጅ በር ከፈተለት» አለ። ሌላው «የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ማን ይጎዳል?» አለ። ሦስተኛው ግን ቃሉን ሳያሳምር «ስርቆት ነው» አለ። እኛም የሦስተኛው ወገን ነን፤ ምክንያታችንንም በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

መጀመሪያ ሲሳይ ነው የሚለውን እንመልከት። ለዚህ ነገር ፈራጅ እንዲሆነን ሩቅ ሳንሄድ የባላገሩን ልማድ እንጥራ። አንድ ገበሬ ማታ ከብቶቹን ሲያስገባ በመካከላቸው የማያውቀውን በሬ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? በዚያች ሌሊት ያሳድረዋል፤ ሣር ይጥልለታል። ሲነጋ ለጎረቤቶቹ «እንግዳ በሬ ከበረቴ አድሯል» ብሎ ይነግራል፤ በገበያ ያስወራል፤ ከቅዳሴ በኋላም በሕዝብ ፊት እንዲነገርለት ያደርጋል። ባለቤቱም ምልክቱን ተናግሮ ይወስደዋል። ይህን ልማድ የኦሪት ሕግም ያጸናዋል፤ በዘዳግም ምዕራፍ 22 የወንድምህን በሬ ባዝኖ ብታገኘው አይተህ እንዳላየህ አትሁን፣ ባለቤቱ እስኪፈልገውም ድረስ በቤትህ አቆየው የሚል ትእዛዝ እናገኛለን። እንግዲህ ያ ገበሬ በሬውን በሌሊት አርዶ ሥጋውን ቢከፋፍልና «አጥሬ ክፍት ስለ ነበር ራሱ መጣልኝ፤ ሲሳይ ነው» ቢል፣ በአገራችን አንድ ሰው እንኳ የሚያምነው ይገኛልን? በሬው በአራት እግሩ መጣ፤ ገንዘቡ በመሣሪያ መጣ። በመምጫው መንገድ ይለያዩ እንደ ሆነ እንጂ ባለቤት ያላቸው በመሆን አንድ ናቸው።

ደግሞም ሲሳይ የሚባለው ነገር በቀን ብርሃን ለሰው ሁሉ ቢነገር የማያሳፍር ነው። ዝናሙ በጊዜው ዘንቦለት አዝመራው የሠመረለት ሰው «እግዚአብሔር ሰጠኝ» እያለ ለጎረቤቱ ይናገራል እንጂ አይደብቅም። በዚያ ሌሊት ገንዘብ ያወጡት ግን እያወጡ ደጋግመው ወደ ኋላ ይመለከቱ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሰው የሚደብቀውን ነገር ስጦታ ብሎ ቢጠራው ልቡ ያውቅበታል።

ሁለተኛው «የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ማንም አይጎዳም» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር በመንገድና በድልድይ፣ በትምህርት ቤት ወንበርና በጤና ጣቢያ መድኃኒት ላይም የሚነገር ስለ ሆነ ሥሩን መመርመር ይገባል። ባንኩ በእርግጥ የመንግሥት ነው። በውስጡ ያለው ገንዘብ ግን የማን ነው? በዚያን ጊዜ ከ38 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ሒሳብ ያላቸው ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል ጤፉንና በቆሎውን ሸጦ ለልጁ ሠርግ ያስቀመጠ ገበሬ አለ፤ ባሏ የሞተባት ሴት የጡረታ ገንዘብ አለ፤ የዕድር ገንዘብ አለ፤ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ምእመናን ያዋጡት አለ፤ ከዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የደከመች ልጅ ለእናቷ የላከችው አለ። እነዚህ ሁሉ ገንዘባቸውን በአደራ ሰጡ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው የአባቶች አነጋገር እንዲያው ለጌጥ የተነገረ አይደለም። በአገራችን «አደራ በላ» ተብሎ ከመሰደብ የከፋ ስድብ ብዙ አይገኝም። የመንግሥት ገንዘብ የምንለው እንግዲህ ባለቤቱ የጠፋ ሳይሆን ባለቤቶቹ እጅግ የበዙ ገንዘብ ነው።

የአገሪቱም ሕግ ከዚህ የተለየ አይናገርም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቁጥር 2162 ጀምሮ፣ ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ሀብት የበለጸገ ሰው ለባለቤቱ እንዲከፍል፣ የማይገባውን ክፍያ የተቀበለም እንዲመልስ ያስገድዳል። በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። በ2001 ዓ.ም. በኒውዚላንድ አገር አንድ ባንክ ለአንድ ደንበኛው 100 ሺህ የአገሩን ዶላር ብድር ሊፈቅድለት ሲል በስሕተት 10 ሚሊዮን ፈቀደለት። ሰውየውም ብዙውን ገንዘብ አዛውሮ ከአገሩ ኮበለለ። ከዓመታት በኋላ ተይዞ በ2004 ዓ.ም. ከአራት ዓመት በሚበልጥ እስራት ተቀጣ። የተሳሳተው ባንኩ ነው ማለት ከእስራት አላዳነውም።

ነገር ግን ፍርድ ስንፈርድ የሚመሰገነውንም አንርሳ። የባንኩ ኃላፊ ገንዘቡን በፈቃዳቸው የሚመልሱ ሰዎች እንደማይከሰሱ በይፋ ተናገሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ከዚያም በኋላ ሁለተኛ ሰልፍ ታየ፤ ይኸኛው ገንዘብ የሚመልሱ ሰዎች ሰልፍ ነበር። በዚያው በመጋቢት ወር ውስጥ ከ600 ሚሊዮን ብር በላይ ተመለሰ። ከመላሾቹ ብዙዎቹ ፈርተው እንደ መለሱ የሚናገር ሰው አለ። ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ፍርሃትም የጥበብ መጀመሪያ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ዛሬ ከሕግ ፈርቶ የመለሰ ልጅ ነገ ከኅሊናው ፈርቶ አይወስድ ይሆናል። ቀራጩ ዘኬዎስ ወደ ጌታችን ቀርቦ ንስሐ በገባ ጊዜ በቃሉ ብቻ አልተጸጸተም፤ በማታለል የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቆረጠ። የንስሐ አባቶቻችንም የሰው ገንዘብ ይዞ የመጣውን ሰው «አስቀድመህ መልስ» የሚሉት ስለዚህ ነው። ሳይመልሱ መናዘዝ እሾሁ ሳይወጣ ቁስሉን እንደ ማሰር ነው።

በቀሩት ላይ የተደረገው ነገር ግን በደምበጫ ሰው መካከል ሌላ ክርክር አስነሣ። ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ አወጣ፤ በየቅርንጫፉም ለጠፈ። ይህን ያዩ ሽማግሌዎች በቀድሞ ዘመን የነበረውን አውጫጪኝ ማስታወሳቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ስርቆት በተፈጸመ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ከሜዳ ተሰብስቦ፣ እየማለ የሚያውቀውን በምስጢር እስኪናገር ድረስ ወደ ሥራው እንዳይሄድ ይከለከል ነበር። የአውጫጪኝ መልካምነቱ ሌባ በሕዝብ መካከል መሸሸጊያ እንዳያገኝ ማድረጉ ነበር። ጉዳቱም የታወቀ ነው፤ ንጹሑ ሰው ከሥራው ተስተጓጉሎ ይውላል፤ በቂምም የሰው ስም ይጠፋ ነበር። ከእርሱም የባሰው ሌባ ሻይ የሚባለው ነው፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየሮጠ ሄዶ ከቤቱ የወደቀበት ሰው ያለ ምስክር ሌባ ይባል ነበር። ዘመኑም ፍርድ ቤትን ከእነዚህ ይሻላል ብሎ መረጠ።

የእኛ አሳብ እንዲህ ነው። ባንኩ የአደራ ገንዘብ ጠባቂ እንደ መሆኑ ገንዘቡን ለማስመለስ መድከሙ ተገቢ ነው፤ ባይደክም ኖሮ እርሱ ራሱ አደራ በላ በተባለ ነበር። ሆኖም የሰውን ፊት ለሕዝብ ማሳየት ከሁሉ በኋላ የሚመጣ፣ ዳኛም የሚያዝዘው ቢሆን ይሻላል። በዱሮው አውጫጪኝ የተሰደበ ሰው ስሙ በወንዙ ማዶ ላይሰማ ይችል ነበር፤ በዛሬው ዘመን የተለጠፈ ፎቶግራፍ ግን ዓለምን ይዞራል፤ ባለ ዕዳው ዕዳውን ከከፈለ በኋላም አይመለስም። በ19 ዓመቱ የሳተ ልጅ በ40 ዓመቱ ልጆቹ ፎቶግራፉን እንዲያዩት መደረጉ ከጥፋቱ የበለጠ ቅጣት ነው። ደግሞም አጥሩን ክፍት የተወ ሰው የሌባውን ስም በሚጠራበት አፍ የራሱንም ቸልተኝነት መናገር ይገባዋል። ለብዙ ሰው አደራ ጠባቂ የሆነ ሁሉ አስቀድሞ ራሱ ይመርመር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው በዚያ ነውና። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት በሬ የሸጠ አባት በአገራችን ብዙ ነው። ያ ልጅ በድንገት ወደ ቤቱ ብዙ ገንዘብ ቢልክ፣ እናት «ልጄ ቁም ነገር ሠራ» ብላ እልል ትላለችን? ወይስ «ከየት አገኘኸው?» ብላ ትጠይቃለች? አገሪቱ የምትድነው ወይም የምትጠፋው በዚህች ጥያቄ ነው። በልጅነቱ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ያመሰገነችው፣ ኋላም በትልቅ ስርቆት ተይዞ ለቅጣት ሲወሰድ እናቱን «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» ያላት ልጅ ነገር በየቤቱ ይተረታል። ተረቱን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ልጁ እንቁላሉን ይዞ ሲመጣ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

በመጨረሻም ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ምክር እንጨምራለን። ዛሬ ገንዘብ በስልክ ስለሚላክ፣ የአንድ ቁጥር ስሕተት የሰውን ገንዘብ ወደ እናንተ ሒሳብ ሊያመጣው ይችላል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ቢደርሳችሁ አትንኩት፤ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አስታውቁ፤ ያስታወቃችሁበትን ማስረጃም በጽሑፍ ተቀበሉ። ነገር ግን «በስሕተት ላክሁብህና መልስልኝ» እያለ በስልክ ለሚጠራችሁ ለማታውቁት ሰው በቀጥታ አትላኩ፤ ሳይልክ «ልኬአለሁ» የሚል አታላይ በዝቷልና። የላከም ቢሆን በባንኩ በኩል ይመለስለታል፤ ያልላከም ባዶ እጁን ይቀራል።

ልጆቻችሁንም በትንሹ ነገር አለማምዷቸው። በመንገድ የተገኘ እርሳስ ለመምህር ይሰጥ፤ ባለ ሱቅ በስሕተት አብልጦ የመለሰው ሁለት ብር በዚያው ሰዓት ይመለስ፤ ገበያ የተላከች ልጅ ሻጭዋ ቁናውን ተሳስታ ብትጨምርላት «እማማ፣ በዝቷል» ትበል። እንዲህ የለመደ ልጅ መሣሪያ ቢሳሳት፣ ጠባቂ ቢተኛ፣ ሌሊቱም ቢጨልም እጁን ይሰበስባል። የመሣሪያውን ስሕተት ዐዋቂዎች ጠገኑት፤ የልጅን ልብ መጠበቅ ግን የአባትና የእናት ሥራ ነው።