በረኛው፤ ስለ ግብ ጠባቂነት ማዕረግ

በሰላ ድንጋይ፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በተቀመጡባት በዚያች የሰሜን ሸዋ ደጋ ከተማ፣ ልጆች ከትምህርት ሲለቀቁ ሁለት ሁለት ድንጋይ አኑረው ግብ ያበጃሉ፤ ከዚያም ሁለቱ አለቆች ተራ በተራ ተጫዋች ሲመርጡ ሯጩና ጉልበተኛው አስቀድሞ ይወሰድና፣ ሳይመረጥ የቀረው ልጅ «አንተ በረኛ ሁን» ተብሎ፣ ከብርዱ የተነሣ እጁን በብብቱ እንደ ሸጎጠ፣ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ይቆማል። ይህ ልማድ በብዙ የአገራችን መንደር የሚታይ ነው፤ እኔ ግን ይህ ልጅ የቆመበት ስፍራ የተረፈ ሰው የሚጣልበት ሳይሆን ራሱን የቻለ ማዕረግ መሆኑን ለአንባቢ ማስረዳት እወዳለሁ።

በረኛ የሚለው ስያሜ ራሱ የተናቀ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዐጻዌ ኆኅት የሚባል አገልጋይ አለ፤ ግዳጁም ደጁን መጠበቅ፣ የሚገባውን ማስገባት፣ የማይገባውን መከልከል ነው። ከዐሥራ አንዱ ተጫዋቾች መካከል ኳስን በእጁ እንዲይዝ የተፈቀደለት፣ ልብሱም ከባልንጀሮቹ የተለየ ሆኖ የሚታወቅ፣ የኳስ ሜዳው ዐጻዌ ኆኅት ግብ ጠባቂው ብቻ ነው። እስከ 1912 እ.ኤ.አ. ድረስ በራሱ የሜዳ አጋማሽ ሁሉ በእጁ መንካት ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መብቱ በቅጣት ክልሉ ተወሰነ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባልንጀራው ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይይዝ ስለ ተደነገገ፣ የዛሬው በረኛ ከእጁ ጥበብ ጋራ የእግሩንም ጥበብ ሊማር ግድ ሆነበት።

የሚጠብቀው በር ወርዱ 7.32 ሜትር፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ከ11 ሜትር ርቀት ስለሆነ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ግቡ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ ስለዚህ በረኛው ኳሱ ከእግር ከተነሣ በኋላ ልወስን ቢል አይደርስም፣ አስቀድሞ የመቺውን ወገብና መሬት የረገጠውን እግሩን ማንበብ አለበት እንጂ። አጥቂ ብቻውን ሲመጣበትም ከመስመሩ ወጥቶ ይቀርበዋል፤ በቀረበው መጠን ለአጥቂው የሚታየው ክፍት ስፍራ እየጠበበ ይሄዳልና። እንደ ሰላ ድንጋይ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን የሚገታው ነገር ያንሳል፤ ስለዚህ የደጋ በረኛ ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ መነሣት ይገባዋል።

ይህ አገልግሎት በታሪካችን ያፈራውን ፍሬ የምናየው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ከግብፅ ጋር በተፈጸመው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ ነው። በዚያ ቀን ግባችንን የጠበቀው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበረ፤ ስሙ በትግርኛ የሚካኤል አገልጋይ ማለት ነው። የግብፁ ባደዊ በ75ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን ግብ ባስቆጠረ ጊዜ ግብፅ ኢትዮጵያን 2 ለ 1 መራች፤ በ84ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ አቻ ሆነች፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 አሸነፈች፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚያወሳው ግብ አግቢዎቹን ነው፤ ነገር ግን ከ75ኛው ደቂቃ እስከ 120ኛው ድረስ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ያ በር ዳግመኛ ባለመከፈቱ ነው የአግቢዎቹ ድካም ዋንጫ የሆነው።

ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ በዚያው ጥር 13 ቀን፣ በ2005 ዓ.ም.፣ አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የመሩት ብሔራዊ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ሲገጥም፣ በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዘሪሁን ታደለ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ በሩን ተረከበ፤ በዐሥር ሰው የቀረው ቡድንም በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያየ። ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ግን በረኛው ሲሳይ ባንጫ በመጨረሻው ሰዓት በቀይ ካርድ ሲሰናበት ሦስቱም ቅያሪዎች አልቀው ስለ ነበር፣ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንቱን አጥልቆ በመስመሩ ላይ ቆመ፤ ቪክቶር ሞሰስም ፍጹም ቅጣት ምቱን አገባበት። አዲስ በድፍረቱ ምስጋና ይገባዋል፤ ነገር ግን የበረኛነት ሙያ በአንዲት ደቂቃ ከሰው ወደ ሰው እንደ ጓንት የሚተላለፍ አለመሆኑን ያን ዕለት ሁላችን አየን።

ሙያው ረጅም ዕድሜን ይሻል፣ ረጅም ዕድሜንም ይሰጣል። ጃፓናዊው ዮሺካጹ ካዋጉቺ በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ኦሊምፒክ ብራዚልን 1 ለ 0 በረታው ቡድን ውስጥ በሩን ጠበቀ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በእስያ ዋንጫ ከዮርዳኖስ ጋር በፍጹም ቅጣት ምት ሲለያዩ፣ የእርሱ መቺዎች አስቀድመው ሁለት ስተው ሳለ፣ ኳስ እየመለሰ ቡድኑን ከሽንፈት አዳነ፤ ጃፓንም ዋንጫውን ወሰደች። ለአገሩ 116 ጊዜ ተሰልፎ፣ ጫማውን የሰቀለው በ43 ዓመቱ ነው። የአጥቂ እግር ገና በሠላሳዎቹ ሲከብድ፣ የበረኛ ማስተዋል ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይጠልቃል፤ ይህም የሚሆነው ከልጅነቱ ጀምሮ ለዚያ ስፍራ ሲኰተኰት ነው።

በአገራችን ግን እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ያለው አንጋፋ ክለብ እንኳ በሩን ለዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ለዓመታት አደራ ሰጥቶ እንደ ነበር የሚታወቅ ነው፤ እርሱም አደራውን በክብር ተወጥቷል። የእኛን ዐጻዌ ኆኅት ለማፍራት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይመስለኝም። በሰላ ድንጋይ ሜዳ ሁለቱ አለቆች ዓይናቸው የማይርገበገበውን፣ መሬት ላይ መውደቅ የማይፈራውን፣ ግብ ሲገባበት አንገቱን የማይደፋውን ልጅ ፈልገው ከሁሉ አስቀድመው ይምረጡት፤ ያ ልጅም እጁን ከብብቱ አውጥቶ፣ ወድጄና ተመርጬ ነው የቆምሁት እያለ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ይቁም።