የገብስ አገር ልጅ

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞልቶ የተነሳ ሚኒባስ ሃያ ደቂቃ አይፈጅበትም። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ፣ የቦናው ስንዴ እየታጨደ ኮምባይነሮቹ አስፋልቱን ባጣበቡበት ሰሞን፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ በዚህች አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ ያስቆመው ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ቀጭን ልጅ ነበር። መጀመሪያ ሲወርድ ማንም ምንም አላለም፤ ከጭድ ክምር ጀርባ ሮጦ ተሰወረና ተመለሰ። በሁለተኛው ግን ረዳቱ፣ "ሆድህ እንዲህ ከሆነ ምን አሳፈረህ?" አለው። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ልጁ አንገቱን ደፋ። አጠገቡ የተቀመጡት እናቱ አልደፉም። "ሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ሰሞን የበላው ነገር መስሎኝ ስቄበታለሁ" አሉ። ሚኒባሱ ጭጭ አለ።

ጭናቸው ላይ በያዙት ፌስታል ውስጥ አንድ ጥቅል ሶፍት፣ የታጠፈ ሱሪ፣ በክዳን ዕቃ የተቀቀለ ሩዝ፣ ከዚያም ሽፋኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ያለበት ደብተር ነበር። ስለ ሶፍቱ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስለ ደብተሩ ጠየቅኋቸው።

ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል። እናቱን ሰፈርተኛው "አዴ" እያለ ነው የሚጠራቸው፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው። ደብተሩን የምትጽፈው ታናሽ እህቱ ናት፣ በቁቤ። በቀኝ በኩል የበላው፣ በግራ በኩል ስንት ጊዜ እንደወጣ በጭረት። ደም ካለ ከጭረቱ አጠገብ የቀይ እስክሪብቶ ነጥብ። ከሁለት ዓመት በፊት ያሉት ገጾች ኩፍኝ የወጣባቸው ይመስላሉ።

ሕመሙ አልሰራቲቭ ኮላይትስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን ትልቁን አንጀት ይወጋል፤ ቁስለቱ ከፊንጢጣ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ምንም ሳይኖር ማማጥ፣ ክሳት። አይተላለፍም። ቶሎም አይለቅም፤ ይተኛል፣ ይነሳል። ለምን እንደሚጀምር እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የተናገረ የለም። ስሙን ከሰጡት የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1859 ጀምሮ ማለት ነው፣ ጥያቄው እዚያው ነው።

እኛ አገር ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲባል ግን መጀመሪያ የሚመጣው አሜባ ነው። ይህን ጥፋት ነው ማለት ይከብዳል፤ አሜባና ሺጌላ በሞሉበት ቦታ የመጀመሪያው ግምት አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። የሚያስቸግረው ሁለተኛውና ሦስተኛው ግምትም ያው ሲሆን ነው። "በሁለት ዓመት ውስጥ አሜባ ስንት ጊዜ ተገኘበት መሰለህ?" አሉኝ አዴ። "ሰባት ጊዜ! አሜባው እኛ ቤት የቀበሌ መታወቂያ ያወጣ ነው የሚመስለው።" ሰባት ጊዜ ፍላጅል ወሰደ። በመጨረሻ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ኮሶ አዘዘለት። የዲንሾን ጫካ ያየ ሰው ኮሶና ጽድ ተቃቅፈው ሲያድጉ ያውቃል፤ ዛፉ ያምራል። የቆሰለ አንጀትን በኮሶ ማጠብ ግን ቁስል ላይ በርበሬ መነስነስ ነው። በዚያ ሳምንት ደብተር ቢኖር ኖሮ ቀይ እስክሪብቶው ያልቅ ነበር ይላሉ።

ስሙ የተገኘው አዲስ አበባ ነው፤ በኮሎኖስኮፒና ከአንጀቱ በተወሰደ ናሙና። ከሮቤ 430 ኪሎ ሜትር፣ ደቂቃ የማይታገስ ሆድ ይዞ። ልጁ መንገድ ላይ እንዳይቸገር ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ስሙም ቢሆን ሌላ ጣጣ አመጣ። "አልሰር" የምትለዋን የሰማ ጎረቤት ሁሉ "እንዴ፣ ጨጓራ ነዋ!" አለ፤ ለጨጓራ ደግሞ መድኃኒት የማያውቅ ሰው የለም። አንዷ ተልባ ይዛ መጣች፣ ሌላዋ ፌጦ፣ ሦስተኛዋ ጥሬ ወተት። አዴ ሁሉንም አመስግነው ተቀበሉ። "ምን ላድርግ? በፍቅር የመጣን ነገር አልመልስም፤ ለውሻው እሰጣለሁ።"

ከዚያ አጎቱ ከሚኒሶታ ደወለ።

አጎትየው በስልክ የላከው ዝርዝር አጭር ነው። ስንዴ የለም፣ ገብስ የለም፣ ጤፍ የለም፣ በቆሎ የለም፣ ሩዝ የለም፣ ድንች የለም፣ ስኳር የለም፣ ወተት የለም። ሥጋ፣ እንቁላል፣ የበሰለ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ማር፣ ሃያ አራት ሰዓት የረጋ እርጎ ይፈቀዳል። በዚህ የዳኑ አሉ፤ መድኃኒትም አያስፈልግም ይላል። አዴ ዝርዝሩን ሲያስነብቡ መጀመሪያ የሳቁት እርጎው ላይ ነው። "ሃያ አራት ሰዓት? እሱማ ገና ወተት ነው!" በባሌ እርጎው፣ ኢቲቱ፣ በጢስ በታጠነ ጮጮ ቀናት የሚቆይ ነገር ነው። ሁለተኛው ላይ አልሳቁም። "ገብስ የለም ማለት እኮ እኛ ቤት፣ ቤት የለም ማለት ነው።"

የዝርዝሩን ዘር ማንዘር ለማወቅ ብዙ ምሽት አጠፋሁ፤ አልቆጨኝም። ሲድኒ ሃስ የሚባሉ የኒው ዮርክ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 ሴሊያክ የተባለውን ሕመም ሙዝን ዋና ባደረገ ምግብ እንደሚያክሙ ጻፉ። ልጆቹ በእርግጥም ያገግሙ ነበር፤ ሃስ ያዳናቸው ሙዙ መሰላቸው። ዊለም ዲከ የተባሉት የሆላንድ ሐኪም ግን ስንዴን ይጠረጥሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 የረሃብ ክረምት ዳቦ ከአገራቸው ሲጠፋና ሴሊያክ ያለባቸው ሕፃናት በረሃብ መካከል ሲሻላቸው ጥርጣሬው በረታ። ሴሊያክን የሚያስነሳው በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ነው። ሃስ አልተቀበሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1951 መጽሐፍ አሳትመው በመንገዳቸው ቀጠሉ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ሲጠጋ፣ ኢሌን ጎትሻል የተባሉ እናት ትንሽ ልጃቸውን ይዘው መጡ። የልጅቷ ሕመም ሴሊያክ አልነበረም፤ አልሰራቲቭ ኮላይትስ ነበር። አዛውንቱ ያንኑ ምግብ አዘዙ። ልጅቷ ዳነች ይላሉ እናቲቱ፤ በኋላም ባዮሎጂ ተምረው ምግቡን በመጽሐፍ ለዓለም አዳረሱት። ሚኒሶታ የደረሰው፣ ከዚያም ሮቤ የዘለቀው ይኸው ነው። ለሌላ ሕመም ተብሎ የተዘጋጀ፣ ምክንያቱም በስህተት የተተረጎመ ምግብ የገብስን አገር ልጅ ከገብስ ለየው።

በነገራችን ላይ፣ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ነባሩ መድኃኒት ሰልፋሳላዚንም እንዲሁ ለሌላ ሕመም የተሠራ ነው። ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትስ ያዘጋጁት ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ አንጀታቸው የቆሰለ ሰዎች ሲሻላቸው አስተዋሉ። ልዩነቱ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ መፈተኑ ላይ ነው። የሃስ ምግብም ዘግይቶ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት የክሮንስ ሕመም ያለባቸውን 194 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በዚህ ምግብ፣ ግማሹን በሜዲትራኒያን ዓይነት ገበታ አቆየ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በመጀመሪያው 46.5 ከመቶ፣ በሁለተኛው 43.5 ከመቶ ሕመሙ ጋብ አለላቸው። ዳቦና ባቄላ የበላውም ያልበላውም እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ክሮንስ የአልሰራቲቭ ኮላይትስ ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም። ለአልሰራቲቭ ኮላይትስ ግን መድኃኒትን ተክቶ እንደሚሠራ በፈተና የተረጋገጠ ምግብ እስካሁን የለም።

ምግብ አይመለከተውም ማለቴ አይደለም። በዘመቻ ሙሴና እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤላውያን የተከታተሉ ሐኪሞች ያዩት ነገር እንቅልፍ ይነሳል። ሲደርሱ ይህ የአንጀት ሕመም ከነጭራሹ አይታይባቸውም ነበር ማለት ይቻላል፤ ዓመታት ሲያልፉ፣ ልጆች እዚያ ሲወለዱ፣ እየታየ መጣ። ደሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው፣ ገበታውም ጭምር። እንግዲህ እንጀራና ገንፎን ጠላት ያደረገ ዝርዝር ይህን ታሪክ በየት በኩል ያነበው ይሆን?

ልጁ በዝርዝሩ ሰባት ሳምንት ቆየ። ጭረቶቹ በእርግጥም ቀነሱ፤ ደብተሩ አይዋሽም፣ አዴም አይደብቁም። ግን ከ47 ኪሎ 41 ገባ። ሥጋ በየቀኑ ከየት ይመጣል? ማሩ ከደሎ መና በዘመድ ይመጣ ነበር፤ እሱም አለቀ። ደም ያነሰው ሰው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲኖር ዳገት አያስፈልገውም፤ ደረጃ ይበቃዋል። "ማታ ማታ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ" አሉኝ። "ሆዱ ዝም አለ፤ ልጁም አብሮ ዝም አለ።" ከምንም በላይ ማዕዱ ነበር። አባቱ፣ እህቱ፣ እንግዳው አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ እሱ ጥግ ላይ ሳህኑን ታቅፎ ይቀመጣል። ረመዳን ገባ። ሼኹ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ለታመመ ሰው ጾም ግዴታ እንዳልሆነ ነገሩት። እሱ ሁለት ቀን ተደብቆ ጾመ። ሲያዝ የመለሰውን አዴ እየደጋገሙ ይነግሩኛል፦ "ሲበሉ አብሬ አልበላም፤ ሲጾሙም አብሬ ካልጾምኩ የት ልሁን?"

መልሶ ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። ሐኪሙ ቁቤ አያነብም ነበር፤ ነርሷ ደብተሩን ቃል በቃል ተረጎመችለት። አዴ እንደሚሉት፣ ከወረቀቱ ሁሉ በላይ ያገላበጠው እሱን ነው። ያስተዋለውም ዝርዝሩ ያላስተዋለውን ነው። ቀይ ነጥብ በብዛት ያለው ሽሮ፣ ቃሪያና ቆሎ በበላባቸው የሕመም ቀናት ላይ ነው፤ ሕመሙ ጋብ ባለ ጊዜ ያው ሽሮ ምንም አላደረገውም። ለአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን፣ ከዚያ ሰልፋሳላዚን፣ ከእሱ ጋር ፎሊክ አሲድ ታዘዘ፤ መድኃኒቱ ፎሌትን ስለሚቀንስ። ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ነው። እብጠቱን ያበርዳል፤ ሲረዝም ግን ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ገና በማደግ ላይ ያለን ልጅ ቁመት ይይዛል። በእርግጥ አሜባ ላለበት ሰው ከተሰጠ አንጀት እስከ መብሳት ስለሚደርስ፣ ሳይመረመር አይጀመርም።

ምግቡም ላላ። ሕመሙ ሲነሳ የተላጠ ድንች፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ የአጥንት ሾርባ፣ ሙዝ፣ ኢቲቱ፤ ወተቱ ግን ሳይፈላ አይረጋም። ቆሎ፣ በርበሬ፣ ጥሬ ጎመን ይቆያሉ። ሲጋብ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ አንድ ምግብ፣ ሦስት ቀን፣ ደብተር። ጭረቱ ስድስት ከሞላ፣ ደም ካለውና ትኩሳት ከተጨመረ ወይም ልቡ ከመጠን በላይ ከመታ፣ ምግብ ማስተካከል ቀርቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። አዴ ስድስትን በጣታቸው አሳዩኝ፤ በአንድ እጅ አልበቃ ብሏቸው የሌላኛውን አውራ ጣት ጨመሩ።

ሰልፋሳላዚን በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ አሮጌ ክኒን ነው። አዴ ግን አንዳንዴ በሻሸመኔ፣ አንዳንዴ በአዲስ አበባ፣ በሹፌር እጅ ነው የሚያስመጡት። ለምን እንደሆነ ይመለከተዋል የተባለ አንድ ኃላፊ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ሁለተኛ ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሦስተኛ ጊዜ ደብዳቤዬን አንብበው አጠፉትና፣ "ይሄ ሰው የሚያስቸግር በሽታ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ የመጣሁት ለመጠየቅ ነበር።

ስለሚቀጥለው ጊዜ ባጭሩ ልበል። ክኒኑ የተቋረጠበት ሰው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይነሳበታል። ትልቁ አንጀት በሰፊው ለዓመታት ከቆሰለ የካንሰር ሥጋት ስላለው፣ ስምንት ዓመት ከሞላ ወዲያ በየጊዜው በኮሎኖስኮፒ መታየት አለበት፤ ይህ ልጅ ያኔ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ መንገዱም ያው 430 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን ግን የሚያስጨንቀው የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ቁልፍ ዘበኛው ኪስ ውስጥ መሆኑ ነው።

ሐምሌ ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ሮቤ በጭቃና በብርድ ተይዛለች። አዴ ለእንግዳ ጩኮ አቀረቡ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ፣ ሽታው በር ላይ የሚቀበል። ልጁ 49 ኪሎ ገብቷል። ትሪውን አየ፣ እናቱን አየ። እሳቸውም አዩት። ከዳር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቆንጥረው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። ቶሎ አልጎረሳትም። እህቱ ደብተሩን አውጥታ ቀኑን ጻፈች፤ በቀኝ በኩል "ገርቡ" አለች፣ ገብስ። የግራውን ባዶ ተወችው።

"ነገ እንነግርሃለን" አሉኝ አዴ።

በማግስቱ ዶዶላን ሳልፍ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

"ሁለት" አሉኝ። "ቀይ የለም።"