ማሽኑን ከመቀየር ሲስተሙን መቀየር
ነፃው ሊኑክስ ለጀማሪው ነጋዴ ምን ያተርፍለታል? ምንስ ያስወጣዋል?

በጎንደር ማራኪ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ዙሪያ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ገበያ አያጣም። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ያስተይባል፤ ባለጉዳዩ ማመልከቻ ያስጽፋል። የዚህ ንግድ ዋነኛ ካፒታል ኮምፒውተሩና ማተሚያው ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ነው።

ይህ ካፒታል በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የፈቀደው ማራዘሚያም የአንድ ዓመት ብቻ ነው። እርግጥ ማሽኑ በዚያ ቀን ከሥራ አልወጣም። የቆመው፣ በሲስተሙ ላይ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ይላክ የነበረው መድፈኛ ነው። ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ፍላሽ ሲሰካበትና ሲነቀልበት ለሚውል ኮምፒውተር ግን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገርም ለሁሉም አይሆንም። ይኸው ሲስተም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። አሮጌው ማሽን ከሁለት አንዱን ካጣ የሚቀረው አዲስ መግዛት ነው። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን አስመጪው አይረሳውም። ኮምፒውተር ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ፈቃድ የሌለውን ቅጂ አስጭኖ መቀጠልም የንግድ ድርጅትን ለተጠያቂነት ያጋልጣል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል።

ሦስተኛው መንገድ ምንድነው?

ከኮምፒውተር ባለሙያዎች አልፎ ነጋዴው ብዙም ያልሄደበት መንገድ ኦፕን ሶርስ የሚባለው ነው። የፕሮግራሙ ውስጠ ምሥጢር ለማንም ክፍት ሲሆን፣ መቅዳቱ፣ ማደሉና በፈለጉት ማሽን ላይ መጫኑ በሕግ የተፈቀደ ነው። መሠረቱ ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ነው። በዚህ መሠረት ላይ የተለያዩ ወገኖች የየራሳቸውን ሙሉ ሲስተም አዘጋጅተዋል። ጀማሪው ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው፤ ዓይነቱ በመቶዎች ይቆጠራል።

ለጀማሪ ግን ምርጫው ጠባብ ቢሆን ይሻላል። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ሊኑክስ ሚንት ይቀለዋል። የመክፈቻው ምናሌ በታችኛው ግራ ጥግ የሚገኝ፣ አቀማመጡም የለመደውን የሚመስል ነው። 22ኛው ዕትም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው። ከ2 ጊጋ ባይት ራም ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን 4 ቢኖር ይመረጣል፤ ደካማ ለሆነ ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለ ቅርፁ አለ። ሁለተኛው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ያበቃው ኡቡንቱ ነው። ሚንትም ራሱ በዋነኛነት የሚዘጋጀው በእርሱ ላይ ነው። ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ የሚያወጣው «ኤልቲኤስ» የተባለው ዕትም የ5 ዓመት ድጋፍ ስላለው ለሥራ የሚመረጠው ይኸው ነው። ዴቢያንና ፌዶራ የተመሰገኑ ቢሆኑም የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ባያደርጓቸው ይመከራል።

ዋጋው ዜሮ፣ ወጪው ግን ዜሮ አይደለም

ነጋዴው ሊመረምር የሚገባው ከሲስተሙ ስም ይልቅ የራሱን ሥራ ነው። አንደኛ፣ በአገራችን የሂሳብ ክፍሎች የተለመደው ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ነው። ሂሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ ድርጅት ቢያንስ አንድ ማሽን በዊንዶውስ ሊያቆይ ይገባል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ከሆነም አቅራቢውን ሳይጠይቁ ምንም መንካት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ የአማርኛው ጉዳይ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ሊኑክስ አማርኛን ያነባል፤ የመጻፊያ ሰሌዳም አለው። ይሁን እንጂ ከዩኒኮድ ውጪ በሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፊደሎች የተተየቡ ፋይሎች ፊደሉ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። በፓወር ግዕዝ የለመደ ጸሐፊም የቁልፍ አመታቱን እንደገና መማር ይኖርበታል። በጽሕፈት ቤት ይህ የእጅ ፍጥነት፣ ማለትም ገቢ ነው።

ሦስተኛ፣ አብሮ የሚመጣው ሊብሬኦፊስ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ቢከፍትም የገጹ አሰላለፍ አንዳንዴ ይዛባል። ከደንበኛ የመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በፒዲኤፍ ቢጠየቅ ክርክር ያስቀራል። አራተኛ፣ ማተሚያው ነው። ለብዙዎቹ የኤችፒ ማተሚያዎች ድራይቨሩ በቀላሉ ይገኛል፤ አንዳንድ የካኖን ሌዘሮች ግን ለብቻው ማምጣት ይጠይቃሉ።

ሳይጭኑ መሞከር

ደግነቱ፣ ይህን ሁሉ ለማወቅ ያለውን ማጥፋት አያስፈልግም። ሚንትም ሆነ ኡቡንቱ ከፍላሽ ተነስቶ፣ በሐርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ሳይነካ ይሠራል። 8 ጊጋ ባይት የሚይዝ ፍላሽ ይበቃል። ማሽኑን በፍላሹ አስነስቶ ማተሚያውን፣ ዋይፋዩን፣ የቆዩ ፋይሎችንና የአማርኛ ጽሕፈቱን አንድ በአንድ መፈተሽ ይቻላል። አንድ ጊዜ የወረደውን ለአሥር ማሽን ማዳረስም ክልክል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን ላስታወሰ ሰው ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ውጤቱ ካጠገበ አራት ማሽን ያለው ሰው በአንዱ ይጀምር፤ ከመጫኑ በፊትም የፋይሎቹን ቅጂ በሌላ ዲስክ ያስቀምጥ። ሲጫን «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን ሳያነቡ ተጭነው የደንበኛ ሰነድ ማጣት ይቻላልና። አንድ ወር አሠርቶ ጸሐፊዋ ካልተቸገረች፣ ደንበኛም ካልተመለሰ ሁለተኛውን ያስከትል።

የተገመተው ቁጠባ የሚገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። የአዲስ ኮምፒውተር ዋጋ ወረቀትና ቀለም መግዣ ይሆናል፤ ለመጣል የታሰበውም ማሽን ጥቂት ዓመታት ይጨምራል። ሁሉንም በአንድ ሌሊት ልገልብጥ የሚለው ግን በማግስቱ ወረፋ ይዞ በሚጠብቅ ተማሪ ፊት ማተሚያውን ሲለምን ይገኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏልና።