የወገን መለያው ለጠላት ሲናገር

የወደፊቱን የእግረኛ ውጊያ በሚያሳዩ የጦር ጨዋታዎች እያንዳንዱ ወታደር ኤሌክትሮኒክ የወገን መለያ ይይዛል። አንዱ በሌላው ላይ ሲያነጣጥር በሬዲዮ ሞገድ ወይም በሌዘር ጥያቄ ይላካል፤ የተነጣጠረበት ሰው መለያ ትክክለኛውን ምስጢራዊ መልስ ከሰጠ ተኩሱ ይቀራል። ዓላማው ወገን ወገኑን እንዳይመታ ነው። መለያው ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራል ብሎ የሚነሣ ጨዋታ ግን ከጦርነቱ ዋናውን ነገር ይዘለዋል።

አደጋው የሚጀምረው ከመልሱ ከራሱ ነው። መልስ የሰጠ መለያ ሞገድ ያሰራጫል። አድማጩ ጠላት ምስጢሩን ባይፈታ እንኳ እዚያ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ አድፍጦ ለሚጠባበቅ እግረኛ ይህ ሞት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን መለያ በራሳቸው ጥያቄ እያናገሩ ያሉበትን ቦታ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካኖች በቬትናም ሰማይ የሚግ አውሮፕላኖችን በገዛ መለያቸው ከሩቅ ለይተዋል።

ኮዱ ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ ጠላት የሰማውን መልስ ቀድቶ መልሶ ሊልከው ይችላል። ከተማረከ ወታደር የተወሰደ መሣሪያ ደግሞ ቀድሞውንም ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል፤ መልሱ የሚያረጋግጠው መሣሪያውን እንጂ የያዘውን ሰው አይደለም። በጨዋታው ውስጥ የተማረከ መለያ እስኪሰረዝ ጥቂት ዙር መፍጀት ያለበት ለዚህ ነው።

እውነተኛ መልስ ብቻውን እንደማይበቃ ወለጋ አይታዋለች። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔራል ማሊዮኮና አብራሪው ሎካቴሊ ያሉበት የጣሊያን ቡድን የነቀምቴው ደጃዝማች ሀብተማርያም ይቀበሉናል ብሎ በሦስት አውሮፕላኖች ከከተማው አጠገብ ቦነያ ላይ አረፈ። በአካባቢው ግን ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ጦር ነበር። አርበኞቹ በዚያው ሌሊት ከበው አጠቁ፤ አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፣ ከቡድኑ የተረፉት አባ ቦሬሎ የተባሉት ቄስ ብቻ ናቸው። የደጃዝማቹ ወዳጅነት እውነት ቢሆንም በአካባቢው ያሉትን ሁሉ አይወክልም ነበር።

ከሁሉ የከፋው የዝምታ ትርጉም ነው። ሞገዱ ሲታፈን፣ ባትሪው ሲያልቅ ወይም አንቴናው ሲሰበር ወገንም መልስ አይሰጥም። ማሳው ላይ ያለ ገበሬ ጭራሽ መለያ የለውም። መሣሪያው «ወገን ነው» ሊል ይችላል እንጂ «ጠላት ነው» ሊል ከቶ አይችልም። ስለዚህ መልስ ያልሰጠን ሁሉ በራሱ ጊዜ ዒላማ የሚያደርግ ሕግ ከጨዋታው መውጣት አለበት፤ ተጫዋቹ ለማጣራት ጊዜ እንዲከፍል፣ ሲሳሳትም የሞተውን ሰው ማንነት እንዲያይ መደረግ ይኖርበታል።